ስለ ጐተራ እህል አጠባበቅና ስለ ነቀዝ ጠባይ

ገበሬ አርሶ፥ ዘርቶ፥ አርሞና አጭዶ እህሉን ከዐውድማ ወደ ቤቱ ባስገባ ጊዜ የዓመቱ ድካም የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን የእህል ጠላት በእርሻ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በረዶና አንበጣ፥ ዋግና ግሪሳ በሜዳ የሚያደርሱት ጥፋት በግልጽ ስለሚታይ ሰው ሁሉ ይጮኽበታል፤ በጐተራ ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ግን በጨለማና በዝምታ የሚፈጸም ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ ነው። በጥር ወር ሞልቶ የተከደነው ጐተራ በሰኔ ወር ሲከፈት እህሉ ዱቄትና ቅርፊት ሆኖ ይገኛል። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ አዲሱ እህል ያልደረሰበት፥ የገበያው ዋጋ ከፍ የሚልበት፥ ገበሬውም ለከባድ ሥራ ጉልበት የሚሻበት ወራት ነው።

ከዚህም ሌላ ጉዳት ይከተላል። ነቀዝን የሚፈራ ገበሬ እህሉን በመከር ወራት ገበያው በረከሰበት ጊዜ ይሸጣል፤ በክረምትም ለቤተ ሰቡ ቀለብ ሲያንሰው ያንኑ ዐይነት እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ስለዚህ ነቀዝ በጥርሱ ያልነካውን እህል እንኳ በፍርሀት ምክንያት ከገበሬው እጅ ያወጣዋል ማለት ነው። ረኀብን ለመከላከል የሚያስብ የወረዳ ሹም ስለ ዝናምና ስለ ዘር እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ ጐተራም ሊጠይቅ ይገባዋል። በመጽሐፍ እንደ ተነገረው ዮሴፍ የግብፅን ሕዝብ በሰባቱ የራብ ዓመታት ያኖረው በእነዚያ ዓመታት አዲስ እህል አብቅሎ ሳይሆን በጥጋቡ ዘመን ያገኘውን አከማችቶና ጠብቆ ነው።

እህልን የሚያበላሹት ነገሮች ብዙ ቢመስሉም የአብዛኞቹ ሥራ በሁለት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ እነርሱም ውሃና አየር ናቸው። አስቀድሞ ውሃውን ከእህሉ ያወጣ፥ ቀጥሎም አየሩን የከለከለ ሰው ሻጋታንም ነቀዝንም ያሸንፋል። የዚህም ምክንያቱና አሠራሩ ከዚህ በታች በየክፍሉ ይገለጻል።

እህል የሚተነፍስ ስለ መሆኑ

የስንዴ ወይም የበቆሎ ፍሬ ደርቆ ሲታይ እንደ ጠጠር ሕይወት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ሲዘሩት ይበቅላልና ሕይወት አለው፤ ሕይወት ያለውም ፍሬ ይተነፍሳል። በፍሬው አንድ ወገን ወደ ፊት ሥርና ቅጠል የምትሆን ትንሽ ክፍል ትገኛለች፤ የቀረው ክፍል ለእርስዋ የተቀመጠ ስንቅ ነው። ፍሬው ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን የተባለውን ይስባል፤ ከስንቁም ጥቂት በጥቂት ያቃጥላል፤ በምትኩም የተቃጠለ አየር፥ ይኸውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን፥ ከዚህም ጋራ ውሃና ሙቀት ያወጣል። ይህም ሰው በልቶ ሲተነፍስ በሰውነቱ ውስጥ ከሚደረገው ሥራ ጋራ የሚመሳሰል ነው።

ፍሬው በሚገባ የደረቀ እንደ ሆነ ትንፋሹ እጅግ ዝግተኛ ስለሚሆን ከስንቁ የሚጐድለው አይታወቅም። እርጥበት ሲኖርበት ግን ትንፋሹ ይፈጥናል። ትንፋሹ ሲፈጥን የሚወጣው ውሃና ሙቀት ይበዛል፤ ውሃውና ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሹ ከቀድሞው ይልቅ ይፈጥናል። እህል ሙቀትን በቶሎ የማያሳልፍ ነገር ስለ ሆነ በክምሩ መካከል የተፈጠረው ሙቀት መውጫ ያጣል። እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ ባገቡ ጊዜ ከውጭው ይልቅ የሚሞቅ ስፍራ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም ጥፋት መጀመሩን የሚያስታውቅ ምልክት ነው።

የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይልቅ ቀላል ስለ ሆነ ከክምሩ መካከል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ከላይ ያለው እህል በሌሊት ቅዝቃዜ የበረደ እንደ ሆነ፥ ያ እርጥበት በድስት ክዳን ላይ እንደሚንጠባጠበው እንፋሎት ወደ ውሃ ተመልሶ የላዩን እህል ያረጥበዋል። ስለዚህ ጣራው ሳያፈስ በጐተራው አፍ ያለው እህል ሻግቶና ተጋግሮ ሲገኝ ሰዎች ይደነቃሉ። ውሃው ግን የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከእህሉ ከራሱ ነው።

ስለ እርጥበት ልክና ስለ አፈታተኑ

መቶ ኪሎ እህል ሲመዘን ሁሉም ምግብ አይደለም፤ በውስጡ ውሃ አለበት። ከመቶው ኪሎ 13 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ውሃ ያለበት የብርዕና የአገዳ እህል ብዙ ወራት ሊቀመጥ ይችላል። እንደ ኑግና ሰሊጥ ያለው የቅባት እህል ግን ከዚህ ይልቅ መድረቅ ይፈልጋል። ከ100 እጅ 18 ያህል ውሃ ይዞ የተከመረ እህል ሳይውል ሳያድር መሞቅና መሻገት ይጀምራል። በሚገባ የደረቀም እህል ቢሆን በእርጥብ አየር ውስጥ ተገልጦ ከቆየ እንደ ጨው ከአየሩ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በክረምት ጐተራን ያለ ፍላጎት ደጋግሞ መክፈት ጉዳት አለው።

ገበሬዎች የእህልን መድረቅ በጥርስ ሰብረው በድምፁ ያውቃሉ። ይህ ልማድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ሰው ጥርስ ከሌላው ስለሚለይ የተረጋገጠ ልክ አይሰጥም። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ የሚከተለው የጨው ፈተና ይጠቅማል።

ክዳን ያለው ንጹሕና ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ይወሰድና እስከ ሲሶው ድረስ እህል ይጨመርበታል። በፀሐይ ወይም በምጣድ በሚገባ የደረቀና የቀዘቀዘ ደቃቅ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ያህል ይታከልበታል። ጠርሙሱ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ ከተናጠ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል እንዲያርፍ ይተዋል። ጨው ከእህሉ እርጥበት ስለሚስብ፥ በጠርሙሱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከታየ የእህሉ እርጥበት ከ100 እጅ ከ15 በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው እህል ወደ ጐተራ ሊገባ አይገባም። ጨው ያልተጣበቀ እንደ ሆነ እርጥበቱ ከ15 በታች ነው። ሆኖም ከ15 ማነሱ ወደ 13 መውረዱን ስለማያረጋግጥ፥ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠውን እህል ከዚህ ፈተና በኋላም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ማስመታት የተሻለ ነው።

ማድረቂያው ስፍራ ባዶ መሬት መሆን የለበትም። መሬት እርጥበትን ለእህሉ ይመልስበታል፤ የሻጋታም ዘር በአፈር ውስጥ ይገኛል። ሸራ፥ ሰሌን ወይም ጀንዲ ተነጥፎ፥ እህሉ በስሱ ተሰጥቶ በየጊዜው ሊገለባበጥ ይገባል። ከፀሐይ የተነሣው እህል ደግሞ ትኩስ ሳለ አይከደንም፤ በጥላ ሥር ቀዝቅዞ ይከተታል።

ስለ ነቀዝ አኗኗር

ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ የሚፈጠር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ንጹሕ ሆኖ የተከደነ እህል ከወራት በኋላ ተባይ ሞልቶበት ሲገኝ እንዲህ ማሰባቸው አያስደንቅም። በአውሮፓም ጥንት ትል ከበሰበሰ ሥጋ ይፈጠራል ይባል ነበር። ፍራንቼስኮ ሬዲ የተባለው ኢጣሊያዊ ሐኪም ግን አንዱን ሥጋ ገልጦ፥ ሌላውን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ በማስቀመጥ መረመረ። ዝንብ ያረፈበት ሥጋ ሲተላ የተሸፈነው ሥጋ አልተላም። ሬዲ ይህን ምርመራውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1668 ዓ.ም. አሳትሞ ገለጸ። የነቀዝም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነቀዝ ሁሉ ከእናቱ እንቁላል ይወጣል እንጂ ከእህል አይፈጠርም። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል።

በቆሎንና ስንዴን፥ ማሽላንና ገብስን የሚበላው የታወቀው ነቀዝ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን፥ እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ አፍ ያለው ትንሽ ጥንዚዛ ነው። እንስቲቱ በኩምቢዋ ጫፍ ባለው ጥርስዋ ፍሬውን ትቦረቡራለች፤ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት እንቁላል ትጥላለች፤ ከሰውነትዋም በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር አፉን ትደፍነዋለች። ስለዚህ እንቁላል ያለበት ፍሬ በዐይን ሲያዩት ከንጹሑ ፍሬ አይለይም። ከእንቁላሉ የሚወጣው እግር የሌለው ነጭ ትል የፍሬውን ውስጥ እየበላ ያድጋል፤ እዚያው ሳለ መልኩን ለውጦ ነቀዝ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ቅርፊቱን በክብ ነድሎ ይወጣል። በፍሬው ላይ ቀዳዳ ሲታይ ነቀዝ መግባቱን ሳይሆን ሥራውን ፈጽሞ መውጣቱን ያመለክታል።

ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በሚሆንበት ቆላ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነቀዝ ያለው እድገት አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በቀዝቃዛው ደጋ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሚሆንበት ስፍራ ደግሞ ሊቆም ይቀርባል። የደጋ ጐተራ ከቆላው ጐተራ ይልቅ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት እንስት በዕድሜዋ 300 ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

የአበዛዙን ኀይል ለመረዳት ስለ አብነት ይህን ማስላት ይበቃል። በጥር መጀመሪያ ወደ ጐተራ የገባችው እንስት አንዲት ብቻ ናት እንበል፤ ከልጆችዋም በሕይወት ቆይተው የሚወልዱት እንስቶች 20 ብቻ፥ የአንዱ ትውልድ ጊዜም ስድስት ሳምንት ይሁን። በመጀመሪያው ትውልድ 20፥ በሁለተኛው 400፥ በሦስተኛው 8,000፥ በአራተኛው 160,000 እንስቶች ይሆናሉ። አራት ትውልድ 24 ሳምንት ነው፤ ይህም ከጥር እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። እያንዳንዱም ነቀዝ ያደገው ቢያንስ አንዲት ፍሬ አበላሽቶ ነው። ገበሬው በየካቲት ጐተራውን አይቶ ምንም የለበትም ሲል፥ በግንቦት ግን ሁሉ በአንድ ሌሊት የመጣበት የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ነቀዝ ወደ አዲስ እህል የሚደርስባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሳይጸዳ በቀረ ጐተራ ስንጥቅና በአሮጌ ጆንያ ስፌት ውስጥ መሸሸጉ ነው። ሁለተኛው አዲስ እህል ከተረፈ አሮጌ እህል ጋራ መደባለቁ ነው። ሦስተኛው የበቆሎ ነቀዝ ክንፍ ያለው ስለ ሆነ ከአሮጌ ጐተራ ተነሥቶ በማሳ ላይ ወዳለው እሸት መብረሩ ነው። ስለዚህ የደረሰ በቆሎ በማሳ ላይ በቆየ መጠን ነቀዙን ይዞ ወደ ቤት ይገባል። በሽምብራ ላይ የሚወጣው ተባይ ግን ከዚህ ሌላ ነው፤ እርሱ እንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ይለጥፋል፤ ልብ ብሎ ለተመለከተ እንደ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ጤፍ የማይነቅዝበት ምክንያት

ጤፍ ነቀዝ የማይነካው እህል መሆኑን የኢትዮጵያ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱ የፍሬው ማነስ ነው። በአንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚሆኑ ፍሬዎች ይገኛሉ፤ አንዲት የስንዴ ፍሬም ከ100 በላይ የጤፍ ፍሬዎችን ትመዝናለች። የነቀዝ ትል በአንድ ፍሬ ውስጥ ቤቱንም ምግቡንም ማግኘት አለበት፤ የጤፍ ፍሬ ግን ለቤትም ለምግብም አትበቃውም። ደግሞም የጤፍ ክምር እጅግ ስለሚጠጋጋ በፍሬና በፍሬ መካከል ነቀዝ የሚመላለስበት መንገድ አይገኝም።

በአንዳንድ አገር ገበሬዎች ማሽላን ወይም ሽምብራን ከጤፍ ጋራ ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ይህን በማስተዋል ነው። ጤፉ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ ሞልቶ የነቀዙን መንገድ ይዘጋዋል፤ እህሉ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። በእህል ላይ የሚነሰነስ የተነፋ ደረቅ አመድም እንዲሁ ክፍቱን ስፍራ ይሞላል። ከዚህም በላይ የነቀዝን ሰውነት የሚሸፍነውን ሰም መሰል ልባስ ይፍቃል፤ ልባሱ የተፋቀ ነቀዝ የሰውነቱ ውሃ አልቆ ይሞታል። ይህ የአባቶች ጥበብ ለጥቂት እህልና ለዘር የሚበቃ ነው። ነገር ግን ጤፍም ቢሆን እርጥብ ሆኖ ከተከተተ ስለሚሻግት፥ ነቀዝ አይነካውም ተብሎ ሳይደርቅ ሊከተት አይገባውም።

ስለ ሻጋታ መርዝ

ሻጋታ እህሉን ከማበላሸቱም ሌላ አንዳንዱ ዐይነት መርዝ ያፈራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በአንድ ወራት አለቁ። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ ጫጩቶቹ የበሉት የለውዝ ፋጉሎ ሻጋታ ያፈራው መርዝ እንዳለበት ተገኘ፤ መርዙም አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጐዳል፤ ለብዙ ጊዜ ጥቂት በጥቂት የተመገቡትን ሰዎችም ለጉበት ነቀርሳ ያጋልጣል።

ነገሩ ሩቅ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጎረቤት አገር በኬንያ፥ በምሥራቁ ክፍል፥ እርጥበት ሳለበት የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው ከእነርሱ 125 ሞተዋል። እነዚህ ሰዎች ምግብ አጥተው የሞቱ ሳይሆኑ ከገዛ ጐተራቸውና ከገበያቸው ባገኙት ምግብ የሞቱ ናቸው።

ይህ መርዝ በመቀቀልና በመጋገር አይጠፋም። የሻገተውን እህል ለጠላ ማዋል ወይም ለላም መስጠትም ጥፋቱን አያስቀርም፤ ላሚቱ የበላችው መርዝ መልኩን ለውጦ በወተትዋ ውስጥ ይወጣልና። ስለዚህ የሻገተው ከደኅናው ተለቅሞ መጣል አለበት። በተለይ በቆሎ፥ ማሽላና ለውዝ በሚበዛበት ወረዳ ይህን ማስተማር የሰውን ነፍስ ማዳን ነው።

ስለ ጉድጓድና ስለ ክፉ አየሩ

በሐረርጌና በሌሎችም አንዳንድ ስፍራዎች ማሽላን በጉድጓድ ማከማቸት የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ ሆዱ ሰፊ፥ አፉ ጠባብ ሆኖ ይቈፈራል፤ እህሉ ከተጨመረ በኋላ አፉ በአፈር ይደፈናል። በውስጡ ያለው እህልና ተባይ ኦክሲጅኑን ተንፍሰው ስለሚጨርሱት ነቀዝ በጉድጓድ ውስጥ እንደ ልቡ አይባዛም። በዚህ በኩል የጉድጓድ አሠራር የተመሰገነ ነው። ነገር ግን አየሩን ሲከለክል ውሃውን አይከለክልም፤ ከመሬቱ የሚገባው እርጥበት በግድግዳውና በአፉ በኩል ያለውን እህል ያሻግተዋል፤ ከዚያም የወጣ እህል ለዘር ሲሆን ብዙው ሳይበቅል ይቀራል። ስለዚህ ዘር በጉድጓድ ሊቀመጥ አይገባም። ጉድጓድ የሚጠቀም ሰውም ዝናም የማይተኛበትን ከፍተኛ ስፍራ መርጦ፥ ግድግዳውንና ወለሉን በጭድና ውሃ በማያሳልፍ ላስቲክ ቢሸፍነው ጉዳቱ ይቀንስለታል።

ከእህሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የሰው ነፍስ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት በውስጡ ያለው አየር ኦክሲጅን የጐደለው፥ የተቃጠለ አየር የሞላበት ነው። የተቃጠለ አየር ከንጹሑ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ተኝቶ ይቈያል፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው አይታወቅም። ወደዚያ የወረደ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው ተከትሎ የገባውም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተለው ትእዛዝ በየቀበሌው ሊነገር ይገባል።

ጉድጓድ በተከፈተበት ሰዓት ማንም ሰው አይግባ። አፉ ተከፍቶ ረዘም ላለ ጊዜ ይቈይ፤ ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ በገመድ ታስሮ ደጋግሞ እየወረደና እየወጣ አየሩን ያናውጠው። የበራ ፋኖስ ወደ ታች ሲወርድ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ አየሩ ገና ክፉ ነው። ፋኖሱ ባይጠፋም እንኳ ይህ ብቻ ፍጹም ዋስትና ስላልሆነ፥ የሚወርደው ሰው ወገቡንና ብብቱን በጠንካራ ገመድ ታስሮ፥ ገመዱን የሚይዙ ሁለት ብርቱ ሰዎች ከላይ ይቁሙ። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ በገመዱ ይሳብ እንጂ ሌላ ሰው ሊያነሣው አይውረድ። ከሁሉም የሚሻለው እህሉን በተቻለ መጠን ከላይ ሆኖ በዕቃ መቅዳት ነው።

አየር ስለማያስገባ ከረጢት

የጉድጓዱን ጥቅም ከነጉዳቱ ሳይሆን ለብቻው ለማግኘት የተሠራው ዕቃ አየር የማያስገባው ከረጢት ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከካሜሩን ተመራማሪዎች ጋራ ሆነው በዚያ አገር አተር ላይ ይህን አሠራር ፈትነዋል። ፒክስ የሚባለው ከረጢት ከዚያ የመጣ ነው። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው፥ ሁለቱም በተራ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ይገባሉ።

በአየር ውስጥ ከ100 እጅ 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። ከረጢቱ ተሞልቶ በሚገባ ሲታሰር በውስጡ የቀሩት ነቀዞች ያለውን ኦክሲጅን ይተነፍሱታል፤ ወደ 5 እና ከዚያም በታች ሲወርድ መብላትና መውለድ ያቆማሉ፤ ቀጥለውም ይሞታሉ። ስለዚህ ነቀዙን የሚገድለው መድኃኒት ሳይሆን የራሱ ትንፋሽ ነው። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ይህ ነው፤ እህሉ በሚገባ የደረቀና የተነፋ ይሁን፤ ከረጢቱ ቀዳዳ የሌለው ለመሆኑ በትንፋሽ ተነፍቶ ይፈተን፤ እህሉ ተጠቅጥቆ አየሩ ተጨምቆ ይውጣ፤ የውስጡ፥ የመካከሉና የውጭው ከረጢት እያንዳንዱ ተጠምዞ፥ ታጥፎ ለየብቻው ይታሰር፤ ቢያንስ አንድ ወር ያህል አይከፈት፤ አይጥም እንዳይቀደው ከግድግዳ ተለይቶ በርብራብ ላይ ይቀመጥ። ከረጢት ላላገኘ ሰው ጥቂት ዘር በንጹሕና ደረቅ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ግን በውስጡ ብዙ አየር ስለሚቀር አይጠቅምም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ነገር ሊዘነጋ አይገባም። አየር መከልከል ማድረቅን አይተካም። እርጥብ እህል በዚህ ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ ቢሞትም እህሉ ይቦካል፥ ይሻግታልም።

ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ

ቀድሞ ለወባ መከላከያ የተሰጠውን ዲ.ዲ.ቲ. በእህል ላይ የሚነሰንሱ ሰዎች ነበሩ። ይህ መድኃኒት በምድርና በሰው ስብ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለሚቆይ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው የመንግሥታት ውል ለእርሻ ሥራ እንዳይውል ተከልክሏል። ዛሬ በብዙ ገበያ የሚገኘው የነቀዝ ክኒን ደግሞ አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ነው። ክኒኑ የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በነቀዝና በሰው መካከል አይለይም፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ ክኒን የጨመረ ሰው የገዛ ልጆቹን ለሞት ይሰጣል። ባልተዘጋ ጐተራ ውስጥ ቢጨመርም ጋዙ ሳይሠራ ይወጣል፤ በፍሬ ውስጥ ያሉት እንቁላሎችና ትሎች ይተርፋሉ፤ ነቀዙም በጊዜ ብዛት መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ክኒን በተዘጋ መጋዘን በሠለጠነ ሰው እጅ ካልሆነ በቀር ሊሠራበት አይገባም።

የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሊመረምሩት የሚገባ

እህልን የመጠበቅ ሥራ ጊዜ አለው። በመስከረምና በጥቅምት፥ አዲሱ እህል ከመድረሱ በፊት፥ ጐተራው ተጠርጎ ጥራጊው ይቃጠል፤ ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይለሰን፤ አሮጌው ጆንያ በፈላ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ። የጐተራው እግር ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ በየእግሩ ላይ እንደ ባርኔጣ የተደፋ ቆርቆሮ ቢደረግ አይጥ አይወጣበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ሳይዘገይ ይሰብሰብ፥ ይድረቅ፥ ይፈተን። ከጥር ጀምሮ በየወሩ እጅን ወደ ክምሩ ውስጥ በማግባት ሙቀቱን፥ በወንፊትም ነቀዙን መመርመር ያሻል።

ወደ ገበሬ ቤት የሄደ ሹም ወይም የእርሻ ሠራተኛ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በትሕትና ይጠይቅ።

1ኛ፤ እህሉ ከመከተቱ በፊት በምን ላይ ተሰጣ፥ ስንት ቀንስ ፀሐይ አገኘ?

2ኛ፤ በጨው ወይም በመሣሪያ ተፈትኗልን?

3ኛ፤ አዲሱ እህል ከአሮጌው ጋራ ተደባልቋልን?

4ኛ፤ ክምሩ መካከሉ ይሞቃልን? የሻጋታስ ሽታ አለውን?

5ኛ፤ የሻገተው ተለይቶ ተጣለ ወይስ ለሰውና ለከብት ተሰጠ?

6ኛ፤ ለዘር የተለየው እህል የት ተቀመጠ?

7ኛ፤ የነቀዝ ክኒን በቤት ውስጥ አለን? ካለስ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ነውን?

8ኛ፤ ጉድጓድ ካለ፥ ሲከፈት ማን ይገባል፥ በምን ጥንቃቄስ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በጽሑፍ ቢያዝ፥ በሚመጣው ክረምት የትኛው ቀበሌ ቀለብ እንደሚያንሰው አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳል። የዝናምን ማነስ ሹም ሊያስቀረው አይችልም፤ የደረሰው እህል በጐተራ እንዳይጠፋ ግን በጊዜው ጠይቆና አስተምሮ ሊያስቀር ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ፥ ንጹሕ ምንጣፍ፥ አንድ ጠርሙስ ከጥቂት ጨው ጋራ፥ በደንብ የሚታሰር ከረጢት፥ ይልቁንም ምክንያቱን አውቆ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው ነው።